ለጋሽ ደጀኔ የተተከለው ድንኳን

በሕይወቴ አንድ ሰው ገድያለሁ። ፖሊስ አልፈለገኝም፤ ሟቹ አልተወለደማ። ያም ሆኖ ድንኳን አስተክያለሁ፣ ንፍሮ አስቀቅያለሁ፣ ከከተማዋ አራት ማዕዘን ነጠላውን ያዘቀዘቀ ሰው በታክሲ ሰብስቤያለሁ። "ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም" ይባላል፤ የእኔ ጉድ ግን የመስከረምን ተራ እንኳ አልጠበቀም። ዛሬም ቂርቆስ አካባቢ ብቅ ስል "ገዳዩ መጣ" እያሉ የሚያሾፉብኝ አሉ። አብሬያቸው እስቃለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ አያስቀኝም።

ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ። እኔ ካዛንቺስ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ገቢና ወጪ ደብዳቤ ስመዘግብ የምውል ሰው ነኝ። ሌላ ሙያ የለኝም፤ የእጅ ጽሑፌ ግን ያምራል። ሰው በጽሑፉ ማማር ብቻ ሹመት ማግኘት እንደሚችል ምስክሩ እኔ ነኝ፤ የእድራችን አባላት በዚያው ሰበብ ጸሐፊ አድርገውኝ ይኸው ስንት ዓመት ሆነ። እድሩ የድሮው የካዛንቺስ ሰፈራችን እድር ነው። ሰፈሩ ለልማት ፈርሶ ነዋሪው በየኮንዶሚኒየሙ ቢበተንም እድሩን ያፈረሰው የለም። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና ትልልቁ ብረት ድስት ቂርቆስ ውስጥ በአንድ ግቢ፣ በአንዲት ቆርቆሮ ቤት ተቆልፎባቸው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ድሮ ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋ ነበር። አሁን ጥሩምባ ነፊው ቂርቆስ ቆሞ ሰሚት ድረስ የሚያሰማ ሳንባ ከየት ያምጣ? ስለዚህ የቴሌግራም ቡድን ከፈትን፤ ጥሩምባውም እኔ ሆንኩ። ቡድኑ ላይ ሞት የማስታውቀው እኔ ነኝ፣ ሌላው "ነፍስ ይማር" ብሎ ይመልሳል፣ በቃ። አንዴ ለበዓል "እንኳን አደረሳችሁ" ብዬ ብልክ ሦስት ሰዎች ደንግጠው "ቀብሩ የት ነው?" ብለው ደውለውልኛል። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ሟቹ እንምጣ። "ቦኖው ዳር" የሚባል የሬዲዮ ተከታታይ ድራማ ነበር። ያልሰማችሁት ብትኖሩ ነገሩ ቀላል ነው፤ አንድ ሰፈር፣ አንድ የውሃ ቦኖ፣ ቦኖውን የሚጠብቁ ጋሽ ደጀኔ የሚባሉ ሽማግሌ። ሰው በወረፋ ሲጣላ የሚያስታርቁት፣ ነፍሰ ጡር ሴት ስትመጣ "አሳልፏት!" ብለው የሚቆጡት እሳቸው ናቸው። አንድ ጠዋት ጋሽ ደጀኔ የጠፋች ልጃቸውን ሊፈልጉ የቦኖውን ቁልፍ ለጎረቤት አደራ ሰጥተው ወጡ። የዚያኑ ሳምንት ድራማው ተቋረጠ። አንዱ ስፖንሰር ጠፋ አለ፣ ሌላው ደራሲው ተጣላ አለ። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ሽማግሌው መንገድ ላይ ቀሩ።

ለእኔ ቢሆን ሌላ ድራማ እፈልግ ነበር። እትዬ አስካለ ግን አልቻሉም። እትዬ አስካለ የድሮ ጎረቤታችን ናቸው፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ "በልተሃል?" ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር እሳቸው ብቻ ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ የሚውሉት ከሬዲዮ ጋር ነው። ባለቤታቸው ጋሽ ተፈራ፣ እኔ ገና ሳልወለድ፣ በዚያ ክፉ ዘመን አንድ ጠዋት ለሥራ እንደ ወጡ አልተመለሱም። ሞቱ ያለ የለም፤ አሉ ያለም የለም። እትዬ አስካለ ከል አልለበሱ፣ ድንኳን አላስተከሉ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ማንም አያነሳውም።

ድራማው በተቋረጠ ሰሞን ልጠይቃቸው ሄጄ "እንዴት ሰው ከቤቱ አስወጥተው መንገድ ላይ ጥለውት ይሄዳሉ?" አሉኝ። "ማለቴ፣ ወይ ይግባ፣ ወይ ይሙት እንጂ!" ስለ ማን እንደሚናገሩ ገባኝና አቀረቀርኩ።

እንዳቀረቀርኩ ብቀር ጥሩ ነበር። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል እንዲሉ፣ ቀጣዩን ክፍል እኔው ጽፌ በስልክ ላነብላቸው ተነሳሁ። ሁለት ቀን ደከምኩበት። መዝገብ ቤት የኖረ እጅ ግን ከመዝገብ ቤት አይወጣምና ጽሑፌ እንዲህ ብሎ ጀመረ፤ "ጋሽ ደጀኔ ከመኖሪያ ቤታቸው መውጣታቸው ይታወሳል። ይሁን እንጂ እስካሁን ያልተመለሱ በመሆኑ አስፈላጊው ክትትል እየተደረገ ይገኛል።" እትዬ አስካለ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጡኝ።

"ልጄ፣ ደጀኔን ምን ነካው?" አሉኝ ሲያልቅ። "እንደ ቀበሌ ሰው ነው እኮ የሚያወራው።"

ብዕሬን ሰቀልኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ቻናሉን ያገኘሁት። "የቦኖው ወረፋ" ይባላል። ማን እንደሚጽፈው አይታወቅም። ሬዲዮው ካቆመበት ቀጥሎ በየሐሙሱ ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ክፍል ይለጠፍበታል። የመጀመሪያውን ስከፍት ጋሽ ደጀኔን አውቶቡስ ተራ ላይ ቆመው፣ ለማያውቁት ሰው ወረፋ ሲያስከብሩ አገኘኋቸው። ራሳቸው ናቸው! ቁጣቸው፣ ሳላቸው፣ ሰው ከተቆጡ በኋላ ቀስ ብለው የሚጠይቁት ይቅርታ ሳይቀር። ከዚያን ዕለት ጀምሮ በየሐሙሱ ከሥራ ስወጣ ለእትዬ አስካለ እየደወልኩ አነብላቸው ጀመር። አንብቤ ስጨርስ ሁልጊዜ "እግዜር ይስጠው፣ ማን አዞት ነው?" ይላሉ ጸሐፊውን።

እውነትም ማን አዞት ነው? እኛ ቢሮ እንዲህ ያለውን ጸሐፊ "ሥራ ፈት" የሚል ባልደረባ አለኝ። "የሰው ድራማ መቀጠል ምን ይባላል? አቅም ካለው የራሱን አይጽፍም?" ይላል። እኔ ግን አልስማማም። የጎረቤት ጎጆ ሲያዘም ምሰሶ ተሸክሞ የመጣን ሰው "ለምን የራስህን ቤት አትሠራም?" አንለውም። እነዚህ ሰዎች ስማቸውን አይጽፉም፣ መድረክ ላይ ወጥተው የሚጨበጨብላቸው የለም፣ የሚሸለሙትም ነገር የለም። የወደዱት ሰው መንገድ ላይ ሲቀር ዝም ብለው ማለፍ ያቃታቸው ናቸው። "ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር" የተባለውን ከልባቸው የፈጸሙት እነሱ ይመስሉኛል። ለባልደረባዬ ይህን ስነግረው "አንተም ያው ነህ" ብሎኝ ወደ ሻዩ ዞረ።

እናም ያቺ ሐሙስ መጣች። በምሳ ሰዓት ባምቢስ ደርሼ በታክሲ ወደ ቢሮ ስመለስ ስልኬን ከፈትኩ። ከዕለቱ ክፍል በፊት ዙሪያዋ የጠቆረ አጭር ማስታወቂያ ተለጥፋለች። "የሰፈራችን ቦኖ ጠባቂ የነበሩት ጋሽ ደጀኔ ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ነገ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ጀምሮ በእድሩ ግቢ ድንኳን ስለሚተከል ለቀስተኛ ሁሉ እንዲገኝ" ትላለች። ስንት የሞት ማስታወቂያ የጻፍኩ ሰውዬ እኔ ራሴ እንደዚያ አሳምሬ አልጽፍም። እንባዬ መጣ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ "አይዞህ ልጄ፣ ማን ሞተብህ?" ሲሉኝ "ቦኖ ጠባቂ" ብዬ መለስኩላቸው። ትንሽ ራቅ ብለው ተቀመጡ።

እንደ እኔው በድራማው ፍቅር ለተያዘ አንድ ወዳጄ ልልክለት ፈለግሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እንባ ባዘለ ዓይኔ ስሙን ፈልጌ ነካሁት፣ ላክሁት፣ ታክሲውም ደረሰና ወረድኩ። የኢንተርኔት ጥቅሌም እዚያው አለቀ። የነካሁት ግን የወዳጄን ስም ሳይሆን ከእሱ በላይ የተደረደረውን የእድሩን ቡድን ነበር። የእድር ጸሐፊ የላከውን የሞት ማስታወቂያ ደግሞ ማን ይጠራጠራል?

በዚያው ቀን ሌላም ጥፋት ሠራሁ። ከሥራ ስወጣ ለእትዬ አስካለ አልደወልኩም። ምን ብዬ ልንገራቸው? "ወይ ይግባ፣ ወይ ይሙት" ያሉኝ እሳቸው ናቸው፤ መሞቱን ከእኔ አፍ እንዲሰሙ ግን ወኔው አልነበረኝም። ነገ እደውላለሁ አልኩና ተውኩት። ፈሪ ነኝ፣ አልዋሻችሁም።

በማግስቱ ዓርብ፣ ስድስት ሰዓት ሲል፣ የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ንጉሤ ቢሮ ሳለሁ ደወሉ።

"አንተ፣ የት ነህ?"

"ሥራ ላይ ነኝ ጋሼ። ምነው፣ ደህና?"

"ድንኳኑን ተክለናል። ሰው እየገባ ነው። ትናንት ያልደወልኩልህ ከቤተሰቡ ጋር ስትሯሯጥ ነው ብዬ ነው። የሟች ቤተሰብ የት አሉ?"

"የማን ሟች?"

"በለቅሶ ይቀለዳል እንዴ! የደጀኔ ነዋ! የላክኸው አንተ፣ የምትጠይቀው አንተ!"

የያዝኩት ማህተም ከእጄ ወደቀ። ከካዛንቺስ ቂርቆስ በእግሬ እንዴት እንደ ደረስኩ አላውቅም። መንገድ ላይ ግን ብልጠት የመሰለኝን ነገር አደረግሁ። የኢንተርኔት ጥቅል ገዝቼ ለቻናሉ ጸሐፊ እንዲህ ስል ጻፍሁ፤ "ክቡር ጸሐፊ፣ በእኔ ስህተት እድራችን ጋሽ ደጀኔ የእውነት የሞቱ መስሎት ድንኳን ተክሏል። እባክዎ ሰውየውን በአስቸኳይ ያስነሱልኝ።" መልሱ ወዲያው መጣ፤ "ድንኳኑ የት ነው?" ይላል። አድራሻውን ላክሁ። ምን እንደሚረዳኝ እኔም አላውቅም።

ግቢው ጢም ብሏል። ሰፈራችን ከፈረሰ ወዲህ ያን ያህል የድሮ ጎረቤት ባንድ ላይ አይቼ አላውቅም። የሰበሰባቸው ጸጸት ነው። ሁሉም ልጅ ሳለ ውሃ የቀዳበት ቦኖ ነበረው፤ ቦኖው ደግሞ ጠባቂ ነበረው፤ የጠባቂውን ስም ግን ሁሉም ረስቷል። ማስታወቂያውን ሲያይ እያንዳንዱ "ያ ሰውዬ ነው" ብሎ አፍሮ መጣ።

"ቀይ፣ ዘለግ ያለ አልነበረም?" ይላል አንዱ።

"ኧረ ጠይም አጭር ነው!" ይላል ሌላው።

ትንሽ ተከራከሩና "ሕመሙ ነው የለወጠው" ብለው ተስማሙ። አንዲት እናት ደግሞ "የበኩር ልጄን አርግዤ ከፀሐይ ላይ አንስቶ ያስቀደመኝ እሱ ነው" ብለው ተንሰቀሰቁ። ይኸው ታሪክ ድራማው ላይ አለ። ሴትዮዋ ግን ድራማውን ሰምተውት አያውቁም።

ጋሽ ንጉሤን ወደ ጥግ ሳብኳቸው። "ጋሼ፣ ጋሽ ደጀኔ እኮ የሉም።"

"አውቃለሁ፣ ነፍስ ይማር።"

"አይ፣ ማለቴ፣ ድሮም አልነበሩም።"

"ልክ ነህ። እንዳልነበረ ያደረግነው እኛ ነን!" ብለው በመሐረብ ዓይናቸውን ጠረጉ። "ቤተሰብም የለው። እንግዲህ ቤተሰቡ እኛ ነን። አንተ ሂድና ከፊት ተቀመጥ።"

ተቀመጥኩ። ምን ላድርግ? የመጣው ሁሉ ጎንበስ እያለ "እግዚአብሔር ያጽናህ" ይለኛል፤ እኔም "አሜን" እላለሁ። ንፍሮ አቀረቡልኝ፤ ያችን ንፍሮ እንዴት እንደ ዋጥኳት አትጠይቁኝ። ለመናዘዝ ሁለት ጊዜ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ሁለቴም ሐዘን የከበደኝ መስሏቸው ደግፈው አስቀመጡኝ።

ያኔ እትዬ አስካለ ገቡ። ጎረቤታቸው እጃቸውን ይዛ፣ ሁለት ታክሲ አቀያይረው ነው የመጡት። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ከእኔ ሌላ ጋሽ ደጀኔ ማን እንደሆኑ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። እኔ የት እንዳለሁ ጠይቀው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ።

"ትናንት ሳትደውልልኝ ቀረህ" አሉኝ ቀስ ብለው።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ። አቅም አጣሁ።"

"ማስታወቂያውን ጎረቤቴ ከስልኳ አነበበችልኝ።" ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ በሕይወቴ ሰምቼው በማላውቅ ድምፅ ሙሾ አወረዱ።

ማልዶ እንደ ወጣ ምሳውን ሳይበላ፣
ይኸው ዛሬ ገባ ከስንት ዓመት ኋላ።

በዕድሜ የገፉት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ፤ ማን እንደሚለቀስ ገብቷቸዋል። ከዚያ በኋላ የተነሳው ለቅሶ የይሉኝታ አልነበረም። እኔም ፊቴን በእጄ ሸፍኜ አለቀስኩ፤ ያፈርኩበትንም ያዘንኩበትንም መለየት አቃተኝ።

ቀና ስል አንዲት ወጣት ሴት የወረቀት ቦርሳ ደረቷ ላይ ታቅፋ አጠገቤ ቆማለች። "ጽፈውልኝ ነበር" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ማን ነሽ?"

"ክቡር ጸሐፊ" አለች መሬት መሬት እያየች።

እኔ ከዘራ የያዙ ጡረተኛ ነበር የጠበቅሁት። ራሔል ትባላለች። ለገሃር አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ኮምፒውተሯን ይዛ ለሰው ማመልከቻ ስትጽፍ ነው የምትውለው። ድራማውን ሰው በሌለ ሰዓት በዚያው ኮምፒውተር ትቀጥለዋለች። በቅርቡ አንድ ሰው "የሰው ድርሰት ሌባ" ብሎ ጻፈላት። ብዙ አሰበችበት። "እውነቱን ነው መሰለኝ አልኩና ጋሽ ደጀኔን ቀብሬ ቻናሉን ልዘጋው ነበር" አለችኝ። "እዚህ የመጣሁት ይቅርታ ልጠይቅ ነው።"

ከእኔ በላይ ደፋር ሆና ሳገኛት አፈርኩ። ተነሳሁና ሁሉንም ተናገርኩ። ድራማውን፣ ቻናሉን፣ ታክሲውን፣ አውራ ጣቴን። በመሐል "ይሄ ልጅ በሐዘን ዞረበት" ያለ ሰው ነበር፤ ስቀጥል ግን ገባቸው። ጋሽ ንጉሤ ድንኳኑን አዩት፣ ድስቱን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። እንደዚያ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም።

"ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰው ያለቀሰው ለማን ነው?" ብለው ጮሁ።

እትዬ አስካለ ናቸው የተናገሩት።

"ንጉሤ፣ እኔ እያወቅሁ ነው የመጣሁት። ደጀኔ የሬዲዮ ሰው ነው። ተፈራ ከወጣ ጀምሮ ከል ልልበስ ስል 'በቁሙ ታሟርቺበታለሽ' አሉኝ፤ ልተወው ስል ልቤ እምቢ አለኝ። ስንት ዓመት ሙሉ በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ እላለሁ። ሬዲዮውም መጥቶ ያንኑ አደረገብኝ፤ ሰውየውን አስወጥቶ ጣለው። ይሄ የሚጽፍ ሰው ግን መንገድ ለመንገድ ተከተለው፣ ፈለገው፣ አግኝቶ ቀበረው። እኔም ማልቀሻ ድንኳን አገኘሁ። ይሄን ነው የምታፈርሱብኝ?"

ጋሽ ንጉሤ ቀስ ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። "ድንኳን አንዴ ከተተከለ ለቅሶ ሳይወጣበት አይነሳም" አሉ በመጨረሻ። ወደ እኔም ዞረው "መዝገቡን አምጣ" አሉኝ።

መዝገቡን ከቆርቆሮዋ ቤት አምጥቼ ጭኔ ላይ ዘረጋሁት። "የሟች ስም" ከሚለው ሥር፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ተፈራ ወንድሙ ብዬ ጻፍሁ። ያማረ የተባለው ጽሑፌ እንደ ጀማሪ ተማሪ ተወላገደብኝ። ቀጥሎ "ሞቱን ያስረዳ" የሚል ቦታ አለ። ቀና ብዬ እትዬ አስካለን ጠየቅኋቸው።

"የጻፈው ሰው ነው ያስረዳኝ" አሉ።

"እዚህ ናት እትዬ" ብዬ የራሔልን እጅ እጃቸው ላይ አኖርኩት።

በሁለት እጃቸው ያዙት። ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰሱ። "ልጅ ነሽ እንዴ? አንቺ ነሽ የቀበርሽልኝ?"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ። የራሴ ታሪክ አልነበረም፤ የሰው ነው የነካሁት።"

"የሰው ባይሆንማ ምን ያደርግልኛል?" አሉና እጇን ሳሙት።

ራሔል እስክሪብቶውን ከእኔ ተቀብላ ስሟን ጻፈች፣ ፈረመች። ማመልከቻ ሁሉ በአመልካቹ ስም ነው የሚወጣው፤ ቻናሉም ስም የለውም። "ከምጽፈው ነገር ሥር ስሜን ሳኖር የመጀመሪያዬ ነው" አለችኝ፣ መዝገቡን ስትመልስልኝ።

አሥር ሰዓት ላይ ድንኳኑ ተነሳ። ሰው ግን ቶሎ አልሄደም፤ ቆሞ "የት ገባችሁ?" "ስንተኛ ፎቅ ነው?" ይባባላል፣ ስልክ ይለዋወጣል። እትዬ አስካለ የራሔልን ክንድ ይዘው እስከ በሩ ሄዱ። እዚያ ቆም አሉ።

"የቦኖውን ቁልፍ ለጎረቤት ሰጥቶ ነበር እኮ የወጣው" አሏት። "እንግዲህ ቦኖውን ማን ይከፍታል?"

"እሱን አላሰብኩበትም እማማ።"

"አስቢበታ። ሰው ውሃ ይፈልጋል።" ከዚያ ክንዷን ጠበቅ አድርገው "ሐሙስ እንዳትቀሪብኝ" አሏት።

አልቀረችም።